ነጩን ለምን በማግስቱ እንደምናስረክብ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ነጭ ክርና ጨርቅ በቀኑ ሳይደርስላችሁ ቀርቶ ሥራ ለፈታችሁ ሸማኔዎችና ልብስ ሰፊዎች ይቅርታ እንጠይቃለን። እንደሚዘገይ አስቀድመን መናገር ነበረብን፤ አልተናገርንም። ጥፋታችን ይኸው ነው። ነጩን በማግስቱ የማስረከብ ውሳኔያችንን ግን አናነሳም፤ ምክንያቱን አንብባችሁ ፍረዱን።

«ድሮ ከማድረቂያ እንደወጣ ትሰጡን ነበር፤ አሁን ምን መጣ?» ብላችኋል። «ትንሽ ብራይትነር ጨምሩበት ብንላቸው እምቢ አሉን» ያላችሁም አላችሁ፤ ብራይትነር ነጩን የሚያደምቅ ኬሚካል ነው። የነጭነት መለኪያ መሣሪያውን የገዛነው ሰበብ ለመፍጠር ነው የሚል ወሬም ደርሶናል። ይሄኛው፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ አሞናል።

ነገሩ የመጣው ቀሚሱና ነጠላው አልገጥም እያለ ነው። የቀሚሱ ጨርቅ ከአንድ ባች (አብሮ በአንድ ጊዜ ከነጣ)፣ የነጠላው ክር ከሌላ ባች ይሆናል። ደጅ ፀሐይ ላይ ሁለቱም አንድ ነጭ ናቸው። ሱቅ ገብተው ኤልኢዲ መብራት ሥር ሲሰቀሉ ግን ነጠላው ቢጫ ይላል። ብራይትነር ቆሻሻ አያወጣም፤ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ውጦ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል፤ የጥጡን ቢጫነት የሚሸፍነው ያ ሰማያዊ ነው። በአብዛኛው የሱቅ ኤልኢዲ ውስጥ አልትራቫዮሌት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብራይትነሩ ይተኛል፤ ከሥሩ ያለው ጥጥ እንዳለ ይታያል። በማንጫው ኬሚካል በፐርኦክሳይድ በደንብ ያልነጣ ክር በብራይትነር ተደጉሞ ከወጣ የሚጋለጠው እዚያ ነው።

አሁን እያንዳንዱን ባች ሁለት ጊዜ እንለካለን፦ አንዴ የመለኪያው አልትራቫዮሌት ተከፍቶ፣ አንዴ በማጣሪያ ተዘግቶ። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት የብራይትነሩ ድርሻ ነው። በፐርኦክሳይድ በወጉ የነጣ ጥጥ ያለ ብራይትነር በሲአይኢ (በዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን) የነጭነት ቀመር 75 አካባቢ ያነባል፤ ብራይትነር ሲገባ 140 አካባቢ ይደርሳል። ፍጹም አንጸባራቂ ነጭ በዚሁ ቀመር 100 ነው፤ ከመቶ የሚያስበልጠው ያ ከጨርቁ ተጨምሮ የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያታልላል። ሁለት ባች እኩል 140 አንብበው የአንዱ ቲንት (ነጩ ወደየትኛው ቀለም እንደሚያደላ የሚያሳየው ቁጥር) ከዜሮ በታች 2፣ የሌላው ከዜሮ በላይ 2 ከሆነ፣ የመጀመሪያው ወደ ቀይ፣ ሁለተኛው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ጎን ለጎን ሲሰፉ ልጅም ያያቸዋል። «ትንሽ ጨምሩበት» ስትሉን እምቢ የምንለውም ለዚህ ነው። በእኛ አሠራር ለ100 ኪሎ ክር ብራይትነሩ ከግማሽ ኪሎ ሲያልፍ ነጭነቱ መጨመሩን ያቆማል፤ ቲንቱ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሲጨመር የነጭነቱ ቁጥር ራሱ ወደ ታች ይመለሳል። ገንዘባችሁን ተቀብለን ነጩን ማበላሸት ይሆንብናል።

ማግስቱን የምንጠብቀው ደግሞ ጥጡ እስኪያርፍ ነው። ከማድረቂያ የወጣ ጥጥ ትኩስና ከልክ በላይ ደረቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝና ከአየሩ እርጥበት ሲስብ ንባቡ ይለወጣል። በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ65 በመቶ እርጥበት ቢያንስ ለአራት ሰዓት ያህል ማረፍ አለበት። ከሰዓት በኋላ የወጣ ባች ታዲያ በዕለቱ እንዴት ይድረስ? ካረፈ በኋላ ከየድውሩ ናሙና ተወስዶ ካርቶኑ እስከማይታይ ድረስ ካርቶን ላይ እየተጠጋጋ ይጠመጠማል። ጨርቅ ከሆነ አንድ እጥፍ ሲጨመርበት ንባቡ መለወጡን እስኪያቆም ይታጠፋል፤ ስስ ከሆነ 8 እጥፍም ይፈጃል። አራት ቦታ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያዞርን ለክተን አማካዩን እንይዛለን። ናሙናውን በባዶ ጣት የነካ ሠራተኛ ካለ እንደገና ይጀመራል።

ስለ ጥለት ክር ብዙ ቅሬታ ስላልመጣ አላረዝምም። ዴልታ ኢ፣ ማለት በታዘዘውና በወጣው ቀለም መካከል ያለው የልዩነት ቁጥር፣ ሲኤምሲ 2 ለ 1 በሚባለው ቀመር ከ1 ካላለፈ እናስረክባለን፤ ልዩነቱ 0.9 ሆኖ ሁሉም በመፍካት ወይም በመጥቆር ከሆነ ዓይን ይታገሠዋል፤ ወርቃማው ወደ አረንጓዴ ከሸሸ ግን በዚያው 0.9ም ቢሆን አናሳልፈውም። በስልክ ፎቶ የሚላክ ናሙና ከእንግዲህ አንቀበልም። ስልኩ ነጩን በራሱ ፈቃድ ያስተካክለዋል፤ እኛ የምንፈልገውን ልዩነት የሚያጠፋውም ያ ማስተካከል ነው።

መጋዘን ቆይቶ ቢጫ የሆነባችሁም አላችሁ። እሱ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ ከረጢቱ ነው፦ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለ መከላከያ ኬሚካል ከመኪናና ከጄኔሬተር ጭስ ጋር ተገናኝቶ ቢጫ ይሆንና ጨርቁ ላይ ያርፋል። ፀሐይ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ስቀሉት፤ ቢጫው ከለቀቀ ከከረጢቱ ነበር። ካልለቀቀ መልሳችሁ አምጡት፤ ያለ ክፍያ እንደገና እናነጣዋለን።

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ፐርኦክሳይዱም ብራይትነሩም የስንት እንደገባ እናንተም በየገበያችሁ ታውቁታላችሁ። ለመለኪያው ግን አንድ ብር አልጠየቅናችሁም። ይህ ቤት በአንድ ጋንና በሁለት ሠራተኛ ሲጀምር ክር ያመጡልን ሸማኔዎች ዛሬም አሉ፤ የማግ ክራቸው ከድሩ ጋር እንዳይጣላ ነው ይህ ሁሉ።

አሁንም ቅር ያላችሁ ካላችሁ፣ አልገጥም ያላችሁን ነጭ ከነባች ቁጥሩ ይዛችሁ ኑ። ጨርቅ ከሆነ ግማሽ ሜትር፣ ክር ከሆነ አንድ ድውር ይበቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት እናንተው ፊት እንለካዋለን፤ የልኬቱን ወረቀትም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ስህተቱ የእኛ ሆኖ ከተገኘ ክሩን እንተካለን።

የማንጫና የማቅለሚያ ቤቱ ባለቤት