የውሃ ቀለሙን ዘይት አታድርጉብን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ናችሁ።

ባለፈው እትማችሁ የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የተርነርን የራይን ወንዝ ሥዕል አውጥታችሁ ከስሩ «የዘይት ቀለም» ብላችኋል፣ እኔ የሥዕል አስተማሪ ምናምን አይደለሁም ግን እንግሊዝ አገር ሊድስ ስኖር ሰውዬው ሱስ ሆኖብኛልና ዝም ማለት አቃተኝ። የውሃ ቀለም ነው እኮ!

ተርነር እ.ኤ.አ. በ1817 ኦገስት ላይ ጀርመን ውስጥ ራይንን ተከትሎ ከኮሎኝ ከተማ እስከ ማይንዝ ደብተሩ ላይ ሲነድፍ ከረመና ከዛ የሠራቸውን 50 ገደማ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ዋልተር ፎክስ የሚባል የዮርክሻየር ባለርስት በ500 ፓውንድ ጠቅልሎ ወሰዳቸው፣ አንዱ በ10 ፓውንድ ገደማ ማለት ነው፣ ፋርንሊ ሆል ለሚባለው ቤቱ። ቤቱ ኦትሊ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው፣ ከሊድስ በአውቶብስ ትሄዳለህ፣ ዋርፍ ወንዝን ታያለህ፣ ግን የሰው መኖሪያ ስለሆነ ዘው ብለህ አትገባም። ተርነር ግን እዛ ቤተኛ ነበር፣ ፎክስ በ1825 ሲሞት ነው እግሩን ያነሳው። የራይኖቹም ኋላ ተሸጠው በየሙዚየሙና በየሰዉ ቤት ተበታትነዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ። በዘይት ስትስል ብርሃን ከፈለክ ነጭ ቀለም ትደርባለህ። በውሃ ቀለም ግን ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው፣ ቀለሙ ስስ ስለሆነ የስሩ ነጭ ያበራል። ተርነር ደግሞ ብዙዎቹን የራይን ሥዕሎች ሲጀምር ወረቀቱን ግራጫ ቀባው፣ ከዛ ውሃው ላይ የሚያብለጨልጨውን ነገር ሲፈልግ ቀለሙን በእርጥቡ ጠረግ ያደርገዋል ወይ ሲደርቅ ይፍቀዋል፣ ነጩ ብቅ ይላል። የወንዙ ብርሃን የተፋቀ ወረቀት ነው በቃ (እናቴ ብታይ ወረቀት አበላሸ ነው የምትለው)።

ሌላው፣ የውሃ ቀለምን ብርሃን ይበላዋል። ዘይቱ ዓመቱን ሙሉ ቢሰቀል ይችላል፣ ይሄኛው ግን ሙዚየም ውስጥ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጠው። ስኮትላንድ ኤድንብራ ሙዚየም ያሉትን 38 የተርነር የውሃ ቀለሞች ሄንሪ ቮን የሚባል ሰው በ1900 ሲያወርስ በጃንዋሪ ብቻ ይታዩ ብሎ ነው፣ የጃንዋሪ ፀሐይ አቅም የላትማ። አንዴ በዛ ብርድ በባቡር ሄጄ አየኋቸው፣ ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነው፣ አጠገቤ የቆመች ሴትዮ መብራት ጨምሩ እያለች ታጉረመርማለች፣ እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ የሰፈራችን ቤተክርስቲያን ሥዕል ነው፣ ቄሱ መጋረጃዋን ገለጥ አድርገው አሳይተውን ቶሎ የሚመልሷት።

ስለዚህ አንዲት መስመር ማረሚያ አውጡልን። ድጋሚ የምታትሙት ከሆነም እባካችሁ ጥቁሩን ቀነስ አድርጉት፣ ያ ሁሉ የተፋቀ ብርሃን ጠፍቶ ራይን የክረምት ጎርፍ መስሏል።

አንባቢያችሁ፣ ከሊድስ