ግልጽ ደብዳቤ ለናጋ ከንቲባ፦ ስለ ነጠላ ጫማውና ስለ ወንበሩ

ለክብርት ሌኒ ሮብሬዶ
የናጋ ከተማ ከንቲባ
ካማሪነስ ሱር፣ ፊሊፒንስ

ክብርት ከንቲባ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከዱባይ ነው። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ በፊት የሚያነቡት የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ታሪኩን ቢሰሙት ደስ ይለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ናጋ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ የዚያ ተወላጅ ናት። መስከረም ሲደርስ እሷ ለፔኛፍራንሲያ እመቤታችን በዓል፣ እኔ ለመስቀል ፈቃድ እንጠይቃለን። ለሁለታችንም አይሰጠንም። ከዚያ በሻይ ሰዓት ቁጭ ብለን ስለ አገራችን እናወራለን። የእሷ ወሬ ዞሮ ዞሮ የቀድሞው የናጋ ከንቲባ፣ ሟች ባለቤትዎ ጋ ይደርሳል። "ጄሲ" ነው የምትለው፣ የጎረቤት ልጅ እንደምትጠራ። ከአውሎ ነፋስ በኋላ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ወጥቶ፣ አካፋ ይዞ ጭቃ ይጠርግ ነበር አለችኝ። አላመንኳትም። እኔ ባለሥልጣን ጭቃ ሲጠርግ ያየሁት ካሜራ ባለበት ብቻ ነው።

ስለዚህ ራሴ ማንበብ ጀመርኩ።

ጄሲ ሮብሬዶ በ1958 ናጋ ተወለደ። ምሕንድስና ተምሮ ሳን ሚጌል በተባለው ትልቅ ኩባንያ ሠራ። ከዚያ ወደ አገር ቤት ተመልሶ በ1988፣ በ29 ዓመቱ ከንቲባ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ የማይሸሸግ ነገር አለ። አጎቱ ሉዊስ ቪያፉዌርቴ የአውራጃው ትልቅ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ በዚያ ምርጫም ደግፈውታል። እሱም እንደ ብዙዎቹ በዘመድ በር ነው የገባው ማለት ነው። ግን ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። ጠባቸውም ለዓመታት ዘለቀ። ተቀናቃኞቹ አያቱ ቻይናዊ ነው ብለው ዜግነቱን ሳይቀር ተከራክረውበታል።

የአጎትየው ቤት ታሪክ ለብቻው ይገርማል። ሉዊስ የካማሪነስ ሱር ገዥ ነበሩ። በ2004 ልጃቸው ተተካ። በ2013 ደግሞ የ24 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ለገዥነት ተወዳደረና አያቱን ራሳቸውን አሸነፈ! ባልደረባዬ ይህን ስትነግረኝ ሻዬ ትን አለኝ።

ናጋ ላይ ግን ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። እኔን የያዘኝ ነጠላ ጫማው አይደለም። የዜጎች ቻርተሩ ነው። እያንዳንዱ አገልግሎት ምን ደረጃ እንዳለው፣ ማን እንደሚሠራው፣ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ቀን እንደሚወስድ ተጽፎ ለሕዝብ ተሰጠ። ባለጉዳዩ ዘመድ አይፈልግም፣ አማላጅ አይፈልግም። ሠራተኛው "ነገ ተመለስ" ቢለው ወረቀቱን ያሳየዋል። በ2007 የወጣ ሕግ ይህን አሠራር በአገሩ ሁሉ ግዴታ አደረገው። በእኛም አገር መሥሪያ ቤቶች የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ። አንዳንዱ ጋ ወረፋው በጣም ስለሚረዝም ሙሉውን አንብቤ ጨርሻለሁ።

ሌላው የሕዝብ ምክር ቤቱ ነው። በ1995 በወጣ የከተማው ደንብ መሠረት የድሆች፣ የሴቶች፣ የገበሬዎችና የሌሎችም ማኅበራት ተሰባስበው ተወካይ ይመርጣሉ። ተወካዮቹ የከተማው ምክር ቤት ኮሚቴዎች ውስጥ ቁጭ ብለው ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለከንቲባ ራስ ምታት ነው። እሱ ግን ራስ ምታቱን በከተማ ደንብ አጸደቀው። የእስያ ኖቤል የሚባለው የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማት በ2000 የተሰጠው ከተማን በብቃት ማስተዳደርና ሥልጣንን ለሕዝብ ማካፈል አብረው እንደሚሄዱ ስላሳየ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

በአገራችሁ ሕግ አንድ ከንቲባ በተከታታይ ከሦስት የምርጫ ዘመን በላይ አይቆይም። ብዙዎች መላውን ያውቁታል፤ ወንበሩን ሚስት ወይም ልጅ ይዞ ይጠብቅላቸዋል። በ1998 የጄሲ ተራ ሲደርስ እርስዎ ነበሩ። ጠበቃ ነዎት፣ የተማሩ ነዎት፣ ሕዝቡም ያውቅዎታል። ወንበሩ ግን ለእርስዎ አልተላለፈም። ሱልፒሲዮ ሮኮ ከንቲባ ሆኑ፣ ባለቤትዎ ሃርቫርድ ሄዶ ተማረ። በ2001 ተወዳድሮ ተመለሰ። በ2010 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ሲሄድም ናጋን የተረከቡት የቤተሰቡ ሰው አልነበሩም።

ኦገስት 18፣ 2012 ከሴቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ትንሿ አውሮፕላን ማስባቴ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀች። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። እርስዎ ወደ ፖለቲካ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት አባል፣ ከ2016 እስከ 2022 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2022 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ2025 ደግሞ ናጋ ከንቲባ አደረገችዎ። ወንበሩ ከባል ወደ ሚስት በቀጥታ አልተላለፈም፤ 15 ዓመትና ሌሎች ከንቲባዎች በመካከል አሉ። ይህን ልዩነት አልዘነጋሁትም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችሁ የቤተሰብ አገዛዝን ይከለክላል፤ ዝርዝሩን ግን ለሌላ ሕግ ይተወዋል። እርስዎ ሲመረጡ ያ ሕግ ገና አልወጣም ነበር። እንዴት ይውጣ? አውጪዎቹ ራሳቸው ከእነዚያ ቤተሰቦች የመጡ በዝተዋል።

ሕዝቡ ከመረጠዎ እስከ 2034 ሊቆዩ ይችላሉ። ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ሳይጠብቁ፣ አሁን፣ ቀጥሎ ያ ወንበር ለልጆችዎም ለዘመድም እንደማይሆን በከተማው ደብዳቤ ላይ ጽፈው ይፈርሙልን። ሕግ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ቻርተሩ ከተለጠፈበት ግድግዳ ጎን ይለጠፍ። ባልደረባዬ ለፔኛፍራንሲያ ፈቃድ ያገኘች ዓመት ፎቶ አንስታ ታመጣልኛለች።

በታላቅ አክብሮት፣
ዱባይ የምኖር ኢትዮጵያዊ