አሮጌውን የእሳት አደጋ ሳይረን አትጣሉት፤ ሳትመረምሩም አታስጩኹት

ክቡር አዘጋጅ፣

በፔንሲልቬንያ፣ በኒው ዮርክ፣ በኒው ጀርሲና በሜሪላንድ ትናንሽ ከተሞች የሚኖሩ አንባቢዎቻችሁ በእሳት አደጋ ጣቢያው ጣሪያ ላይ ወይም ከጎኑ በቆመ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ሳይረን በደንብ ያውቁታል። ብዙ ቦታ እኩለ ቀን ላይ ለሙከራ ይጮኻል፤ እሳት ሲነሳ ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹን ከሥራና ከቤት ይጠራል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላደልፊያ የበጎ ፈቃደኞች የእሳት አደጋ ማኅበር ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1736 ነው፤ ዛሬም ከአሜሪካ እሳት አደጋ ተከላካዮች አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ናቸው። አሁን ጥሪው በኪስ ሬዲዮና በስልክ ስለሚደርሳቸው ብዙ ጣቢያዎች ሳይረኑን እያወረዱ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ እየሰጡት ነው። ይህ ያሳዝነኛል። የዚያኑ ያህል የሚያሳስበኝ ግን ለዓመታት ዝም ብሎ የከረመን ሳይረን ሳይመረምሩ ኤሌክትሪክ የሚለቁበት ሰዎች ነገር ነው።

የማሽኑ አሠራር ቀላል ነው። በሞተሩ ዘንግ ላይ ሮተር የሚባል የሚሽከረከር ክፍል ተገጥሟል፤ ዙሪያውን ደግሞ መስኮቶች ያሉት የማይንቀሳቀስ ቀለበት፣ ማለትም ስታተሩ፣ ይከበዋል። ሮተሩ አየር ከፊት ስቦ በጎን ሲወረውር መስኮቶቹ እየተከፈቱና እየተዘጉ አየሩን ይቆራርጡታል፤ የምንሰማው ያንን ነው። የድምፁን ቅጥነት ለማወቅ የመስኮቶቹን ብዛት በደቂቃ ዙሩ አባዝቶ ለ60 ማካፈል ነው። 8 መስኮት ያለው ሮተር በደቂቃ 3450 ጊዜ ሲዞር 460 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 460 ንዝረት፣ ይሰጣል። እንደ ፌደራል 3ቲ22 ያሉት ባለ ሁለት ድምፅ ሳይረኖች በአንዱ ጫፍ 10፣ በሌላው 12 መስኮት ስላላቸው በዚያው ፍጥነት 575 እና 690 ኸርዝ አንድ ላይ ያወጣሉ። በሮቸስተር የተሠራ ስተርሊንግም ይሁን በቺካጎ የተሠራ ፌደራል፣ ስሌቱ አንድ ነው። ጥቅሙም ትልቅ ነው፦ ሳይረናችሁ ከወትሮው ወፍሮ ከጮኸ ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ አልደረሰም ማለት ነው፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የቮልት ማነስ ወይም የደረቀ ኩሽኔታ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው ከመሰላሉ በፊት ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፍታችሁ በቁልፍ ቆልፉት፤ ቁልፉም የሚወጣው ሰው ኪስ ውስጥ ይግባ። ሳይረኑን የሚያስነሳው የግድግዳው ማብሪያ ብቻ አይደለም። የእኩለ ቀኑ ሰዓት ቆጣሪም ያስነሳዋል፤ ከጥሪ ማዕከል የሚመጣ የሬዲዮ ምልክትም እንዲሁ። የመቆጣጠሪያው መስመር ከሌላ ብሬከር የሚመጣበት ጣቢያም አለ። ስለዚህ ሞተሩ ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በመለኪያ አረጋግጡ፤ መለኪያው ራሱ የሚሠራ መሆኑን ደግሞ አስቀድማችሁ ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ ላይ ፈትኑት።

ክዳኑ ሲነሳ የወፍ ጎጆ፣ የተርብ ቤትና ቅጠል ማግኘት የተለመደ ነው። ካጸዳችሁ በኋላ ሮተሩን በእጅ አዙሩት፤ ያለ መንጓጓት ዞሮ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። በሮተሩና በስታተሩ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ልኩ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ቢያንስ በአራት ቦታ በስስ የመለኪያ ብረት ስትለኩት ግን እኩል መሆን አለበት። አንድ ወገን ከጠበበ ወይ ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይ ሞተሩ ከመቀመጫው ተንሸራቷል።

ሮተሩን ከሁሉም በላይ አጥብቃችሁ መርምሩት። ብዙዎቹ ቀልጦ የተጣለ አሉሚኒየም ናቸው። 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሮተር በደቂቃ 3450 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 72 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት ስንጥቅ ያለበት ሮተር ቢፈነዳ ቁርጥራጩን የሚያቆመው ነገር የለም። አጥባችሁ አድርቁት፤ ስንጥቅ የሚያሳየውን ቀይ ፈሳሽ ርጩበት፤ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ጥረጉት፤ ከዚያ ነጩን ዱቄት ንፉበት። ስንጥቅ ካለ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሮተር በይዳችሁ መልሳችሁ አትግጠሙት፤ ሌላ ፈልጉለት። ሮተሩን ከዘንጉ ለማውጣትም የማሰሪያ ብሎኖቹን አላልታችሁ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጥታችሁ፣ በፑለር፣ ማለትም በብሎን ኃይል ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ፣ ሳቡት። በመዶሻ መምታት አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል፣ ኩሽኔታውንም ያበላሻል።

ኩሽኔታው የታሸገ ከሆነ ላዩ ላይ በተቀረጸው ቁጥር አዲስ ይገዛል፤ ውድ አይደለም። ክፍት ከሆነ አሮጌውን ግሪስ ጨርሳችሁ አጥባችሁ አዲስ ሙሉት። የሊቲየም ግሪስና የፖሊዩሪያ ግሪስ ሲደባለቁ ብዙ ጊዜ ይቀጥኑና ይፈሳሉ። ከባዶው ቦታ ሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃል፤ ትርፉ ወደ ሞተሩ ጥቅል ገብቶ የሽቦውን መሸፈኛ ያበላሻል። በካርቦን ብሩሽ የሚሠራ ሲሪስ ሞተር ያለበትን ሳይረን ደግሞ ሮተሩን አውልቃችሁ ሞተሩን ብቻ አታስነሱ። ጭነት የሌለው ሲሪስ ሞተር ፍጥነቱ ገደብ አጥቶ ራሱን ይበታትናል።

ከብረቱ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው። የሞተሩን ሽቦ ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ለይታችሁ በ500 ቮልት ሜገር፣ ማለትም የሽቦ መሸፈኛን ጥንካሬ በሚለካ መሣሪያ፣ ለአንድ ደቂቃ በጥቅሉና በአካሉ መካከል ለኩ። ንባቡ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ አታስነሱት፤ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መልካም ነው። ዝቅ ያለው ብዙውን ጊዜ እርጥበት ብቻ ስለሆነ በሞቃት አምፖል አንድ ሁለት ቀን አድርቃችሁ እንደገና ለኩት። በጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ሽቦ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አትፋቁት። የድሮው ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ በደረቁ በሸካራ ወረቀት መፋቅም ሆነ በእሳት ማቃጠል አደገኛ ነው።

ብዙ ሞተር የሚቃጠለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የአንድ ፌዝ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ከሚገቡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች የአንዱ፣ መጥፋት ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አንድ ፊውዝ ሲቃጠልበት አይነሳም፤ ቆሞ እያጉረመረመ ይግላል። ሁለተኛው የክረምት በረዶ ነው፤ ርጥብ በረዶ ገብቶ ሌሊት ሲጠጥር ሮተሩን ከስታተሩ ጋር ያጣብቀዋል። 10 የፈረስ ጉልበት ያለው የ230 ቮልት ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ 28 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ሲነሳ ወይም ተይዞ ሲቆም ግን ወደ 170 ይጠጋል። ፊውዙ ይህን የመነሻ ኃይል እንዲችል ሆኖ ስለሚመረጥ ብቻውን ሞተሩን አያድነውም። ሞተሩ ከልክ በላይ አምፔር ሲወስድ የሚያቋርጥ፣ በእጅ የሚመለስ የጭነት መቆጣጠሪያ ሪሌ ጨምሩለት። ቀለም ስትቀቡም ከሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትደፍኑ ተጠንቀቁ።

የመጀመሪያው ማስነሻ አንድ ሴኮንድ ብቻ ይሁን፤ አጥፍታችሁ እስኪቆም ድረስ አድምጡ። የመፋቅ ድምፅ ከሌለና የሚዞርበት አቅጣጫ ትክክል ከሆነ ወደ አምስት ሴኮንድ፣ ከዚያም ወደ ሙሉ ፍጥነት ሂዱ። አቅጣጫው ከተገለበጠ ሁለት ፌዞችን ማቀያየር ይበቃል። በሙሉ ፍጥነት ላይ የሦስቱንም ፌዞች አምፔር ለኩና ሳጥኑ ውስጥ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ልዩነቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። በዚያ ሰዓት ጣሪያው ላይ ማንም አይቁም፤ በቅርብ ያለ ሰው የጆሮ መድፈኛና መሸፈኛ በአንድነት ያድርግ።

ሳይረን የኪስ ሬዲዮን አይተካም። በተለመደው ስሌት ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 10 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ30 ሜትር 115 ዴሲቤል የሚለካው በ960 ሜትር ወደ 65 ይወርዳል፤ መስኮት ዘግቶ ቴሌቪዥን የከፈተ ሰው ላይሰማው ይችላል። ኤሌክትሪክ ሲጠፋም ጄኔሬተር ከሌለ ዝም ይላል። ሆኖም ሬዲዮው በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ያለውን በጎ ፈቃደኛ ከሜዳው የሚጠራው እሱ ነው፤ እንደ ሁለተኛ መንገድ መጠበቁ ተገቢ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የሙከራውን ቀንና ሰዓት ለጎረቤት አስቀድሞ መንገርም ግዴታ መሆን አለበት። በአሜሪካ የሲቪል መከላከያ ደንብ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚዘልቅ ወጥ ድምፅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለ3 ደቂቃ ከፍና ዝቅ የሚለው ደግሞ የጥቃት ምልክት ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ያንን ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ከሮኬት ጋር ነው የሚያውቁት። ከጦርነት ቦታ የመጣ ቤተሰብ ባለበት ሰፈር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ማስታወቂያ በር ላይ መለጠፍ ብዙ ድንጋጤ ያስቀራል።

ሳይረን ገዝተው ወደ አገር ቤት መላክ ለሚያስቡም አንድ ቃል አለኝ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ፣ የኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው። ባለ ሦስት ፌዙ ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ ከ3450 ወደ 2875 ይወርዳል፤ የ575 ኸርዙ ድምፅም ወደ 479 ይወፍራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የ60 ኸርዝ ሞተር ቮልቱ በዚያው መጠን ካልቀነሰ ይግላል። ለ230 እና ለ460 የሚገጠም ሞተር ከሆነ ለ460 ተገናኝቶ በ380 ቮልት ይሥራ፤ 460 በ50 ኸርዝ ሲሰላ 383 ስለሚሆን በትክክል ይስማማዋል። ለ230 ተገናኝቶ 380 ከተለቀቀበት ግን ወዲያው ይቃጠላል።

ሳይረኑን ማውረዳችሁ ካልቀረ ደግሞ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን አብራችሁ አውርዱት፤ በሞተሩ ላይ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ቀለም አትቀቡት፤ ሽቦውንም ከሞተሩ አፍ ላይ አትቁረጡት። ትልልቆቹ ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ በክሬን እንጂ በገመድና በትከሻ አይወርዱም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳይረን ጥገና ባለሙያ፣ ፔንሲልቬንያ