ደብዳቤ ለልጄ፦ የተቋረጠው ዳዊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስንደዋወል «ዳዊት መድገም ጀምሬ በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት፤ እኔ ለጸሎት አልሆንም» ያልሽው ከልቤ አልወጣም። ለጸሎት የማይሆን ሰው የለም፣ ልጄ። የያዝሽው ድርሻ ለአዳር ተረኛ ነርስ ስለከበደ ነው። የሚሆንሽን አካሄድ ልጻፍልሽ።

አንቺ የጀመርሽው በዕለት የተከፈለውን ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ ከመዝሙሩ በኋላ ያሉት ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ለለመደው ሰው መልካም ነው፤ ለጀማሪ ግን ገና ሰኞ ላይ 30 መዝሙር ይጠብቀዋል፣ 17ኛው ብቻ 50 ቁጥር አለው። ዓርብ 20 መዝሙር ብቻ ስለሆነ ይቀላል ብለሽ ስትገቢ፣ 176 ቁጥር ያለው 118ኛው እዚያ ተቀምጧል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እንዲህ ነው፦ የሰኞው ግማሹ ይቀራል፤ ማክሰኞ የሰኞን ልክፈል ሲል የማክሰኞው ያድራል፤ ዕዳው እየተቆለለ ሄዶ ሐሙስ ላይ መጽሐፉን ማየት ራሱ ያስፈራዋል።

አንቺ በንጉሥ ያዢው። 10 መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ዳዊት 15 ንጉሥ ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በቀን አንድ ንጉሥ ብትደግሚ በወር ሁለት ጊዜ ትጨርሺዋለሽ። በረጋ ንባብ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። የት እንደደረስሽ ምልክት ማድረግም አያሻሽም፤ ቀኑን በ10 ስታባዢው የምትጨርሺበት መዝሙር ይመጣልሻል። በ7 ከ61 እስከ 70፣ በሚካኤል፣ በ12፣ ከ111 እስከ 120። ከኪዳነ ምሕረት፣ ከ16 ወዲህ ከቀኑ ላይ 15 ቀንሺና እንደገና ከ1 ትነሻለሽ። 151ኛዋን አጭር መዝሙር በ15 እና በ30 ጨምሪያት። ጳጉሜን ለ15ቱ ጸሎተ ነቢያት ትሁን፣ በቀን 3፤ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት በዘመነ ሉቃስ የቀረችው ቀን ለመኃልየ መኃልይ ትሆናለች። 118ኛው የሚውለው በ12 እና በ27 ነው፤ የዚያን ቀን ከከበደሽ ዝለይውና በፊደሉ ያዢው። ከአሌፍ እስከ ታው 22 የዕብራይስጥ ፊደል፣ ለእያንዳንዱ 8 ቁጥር ስላለው፣ ማታ ማታ አንድ ፊደል ብትይ በ22 ቀን ያልቃል።

ይህ ቀመር ለአቅምሽ የተመጠነ ነው እንጂ የታዘዘ ሥርዓት አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ቢቀንሱልሽም ቢጨምሩልሽም እሳቸው ያሉሽን ያዢ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ይህን ነው፦ ያመለጠሽን ቀን አትክፈዪ። 9ን ተኝተሽበት 10 ከነጋ ከ91 ጀምሪ። የዘለልሽው ከ15 ቀን በኋላ በ24 ተመልሶ ይመጣል። ጸሎትን እንደ ዱቤ መዝገብ የያዘ ሰው ከእግዚአብሔር ፊት መሸሽ ይጀምራል፤ አንቺንም ያሸሸሽ ይኸው ይመስለኛል።

«ልቤ ደርቆ ሳነብ ግብዝ የሆንኩ ይመስለኛል» ያልሽውም አለ። 12ኛውን በቀስታ አንብቢው፤ 6 ቁጥር ብቻ ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይነሣና «እስከ መቼ»ን 4 ጊዜ ይደጋግማል፤ ሲጨርስ ደግሞ ይዘምራል። በመካከል ጠላቱ አልጠፋም፣ ችግሩም አልተፈታም፤ የተለወጠው እየተናገረ ያለው ሰው ነው። 41ኛውና 42ኛው ላይ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለው 3 ጊዜ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ተናግሯት ስላልተጽናናች ደግሞ ይጠይቃታል። እንግዲህ አንቺም ትናንት ያልሽውን ዛሬ መልሰሽ ብትይው አያሳፍርም። 87ኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፤ ወዳጅ እንደራቀበት ያልቃል። ይህም ጸሎት ተብሎ ከመዝሙራቱ ጋር ተቆጥሯል! ደስ ሳይልሽ መቆም ግብዝነት አይደለም። በዚያው ንጉሥ ውስጥ ጥቂት ቅጠል ስትገልጪ 90ኛውን ታገኚዋለሽ፣ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን።

ቤት ስትሆኚ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያትና ጸሎተ ሃይማኖት ካደረስሽ በኋላ ጀምሪ። ከአዳር ስትገቢ እግርሽ ካበጠ ተቀመጪ፤ ለደከመና ለታመመ መቀመጥ ተፈቅዷል። አዳር ላይ ግን መጽሐፍ ይዘሽ መዞር አትችዪም። 133ኛውን በቃልሽ ያዢ፤ 3 ቁጥር ነው፣ በሌሊት ለሚቆሙት የተነገረ። ከአንዱ በሽተኛ አልጋ ወደ ሌላው ስትሄጂ ይበቃሻል። ፋታ ካገኘሽ 41 እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በይ፤ መቁጠሪያ ከሌለ 10 ጣትሽን 4 ዙር ቆጥረሽ አንድ ጨምሪ።

በስልክ የምታነቢ ከሆነ ቁጥሩ ያሳስትሻል። የእኛ ዳዊት ብሉይን ወደ ግሪክ የተረጎሙትን የሰብዓ ሊቃናቱን አቆጣጠር ይከተላል፤ 9ኛውና 10ኛው አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር በተዘጋጀው መጽሐፍ የእኛ 22ኛው 23፣ 50ኛው 51፣ 90ኛው 91 ይሆናል። የመክፈቻውን ቃል ተመልከቺ እንጂ በቁጥሩ ብቻ አትሂጂ። ከተቻለሽ ግን የታተመውን ዳዊት ያዢ፤ ስልክ መልእክት ይገባበትና ከመዝሙሩ መሀል ያወጣሻል።

ስለ ጠላት የሚናገሩት፣ 34ኛውና 108ኛው ላይ ስትደርሺ ያስቀየመሽ ባልደረባ በዓይንሽ እንዳይመጣ ተጠንቀቂ። ጠላት የሚለውን ሰይጣንና የራስሽ ኃጢአት ብለሽ ያዢው።

ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፣ 23። የቀረብሽን ሁሉ ተዪውና ማታ ከ71 ጀምሪ። 77ኛው 72 ቁጥር ስላለው እሱን ለብቻው አቆዪው፤ ሌሎቹን ስትጨርሺ ተመለሽበት። እንቅልፍ ካሸነፈሽ የቀረውን ሳታስቢ ተኚ፤ ነገ 81 ነው።

አባትሽ