ሴሊኒየምና ዩራኒየም በእኛም ማሳ ይለካልን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ሴሊኒየምን (ሰውነታችን በጥቂቱ የሚፈልገውን ንጥረ ነገር) እና ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችን በአፈርና በውሃ ውስጥ ስለሚያጠና አንድ ኬሚስት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ «ይሄ የኒውክሌር ጣቢያ ያላቸው አገሮች ጣጣ ነው» ብለው አለፉት። እኔ አልስማማም። ኮምቦልቻ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ጉዳዩ እዚሁ አካባቢያችን እስካሉት የቃሉና የደሴ ዙሪያ ወረዳ ማሳዎች ድረስ እንደሚደርስ ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ሴሊኒየም-79 የሚባለው ጨረር አመንጪ የሴሊኒየም ዓይነት (አይሶቶፕ) በእርግጥ የኒውክሌር ሬአክተር ዝቃጭ ነው፤ እዚህ አያሰጋንም። ተራውን ሴሊኒየም ግን በየቀኑ ከእንጀራው ጋር እንበላዋለን። አንድ አዋቂ በቀን 55 ማይክሮግራም ገደማ ያስፈልገዋል፤ ከ400 በላይ እንዲወስድ አይመከርም። ቻይና ሁለቱንም ጫፍ አይታለች፤ ኬሻን በሚባል አካባቢ ማነሱ የልብ ጡንቻ በሽታ ሲያስከትል፣ ኤንሺ በሚባል ሌላ አካባቢ መብዛቱ የሰዉን ፀጉርና ጥፍር አርግፏል። በእኛም አገር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በእህላችን ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። የከተማ ሰው ከጎጃምም ከአርሲም የመጣ እህል ስለሚበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍንለታል። ከራሱ ማሳ የሚበላው የኩታበር ገበሬ ግን መሬቱ የነፈገውን ከየት ያመጣዋል?

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ገበሬያችን ድኝ በሌለው ዳፕ ፋንታ ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ ለዓመታት ሲጠቀም ቆይቷል። «ኤስ» ድኝ ነው። መሬታችን ድኝ ስለሚያንሰው መጨመሩ ትክክል ነው፤ ምርቱም ምስክር ነው። ነገር ግን ድኝና ሴሊኒየም በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ በአንድ ምድብ ከላይና ከታች የተቀመጡ ናቸው፤ የተክል ሥርም ሴሊኔትን (በአፈር ውስጥ ያለ የሴሊኒየም ውህድ) የሚያስገባው ሰልፌት (የድኝ ውህድ) በሚገባበት በር ነው። ሰልፌቱ ሲበዛ ሴሊኔቱ ይገፋል። ይህ በኬሚስቶችና በአፈር ተመራማሪዎች ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ምርቱ በኩንታል ሲጨምር ፍሬው ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ሊቀንስ ይችላል። ቀንሷል አልልም፤ ይለካ ነው የምለው። የአፈሩም ዓይነት ይወስነዋል፦ አሲዳማው ቀይ አፈር ሴሊኒየሙን ከብረት ጋር አስሮ ያስቀረዋል፣ ዋልካው ግን የተሻለ ይለቀዋል። የሌላ ወረዳ ውጤት ለእኛ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በዚያው ጆንያ ውስጥ ፎስፌትም (የፎስፎረስ ውህድ) አለ። ማዳበሪያው የሚሠራበት የፎስፌት ድንጋይ በተፈጥሮው ጨረር አመንጪውን ዩራኒየም ይይዛል፤ ከፊሉም ወደ ማዳበሪያው ይሻገራል። የአንድ ዓመቱ ኢምንት ነው፤ ገበሬው ጆንያውን በመንካቱ ሊሰጋ አይገባም። ለአሥርት ዓመታት ፎስፌት በተደረገባቸው የአውሮፓ ማሳዎች ግን ከላይኛው አፈር ላይ ሲጠራቀም ታይቷል። ደሴና ኮምቦልቻ የተቀመጡበት ባዛልት የሚባለው ድንጋይ ግራናይት ከሚባለው ያነሰ ዩራኒየም ስላለው መነሻችን ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ይህን መነሻ ዛሬ መዝግበን ካልያዝን፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ልጆቻችን ከምን ጋር ያነጻጽሩታል?

ፊንላንድ መሬቷ ሴሊኒየም እንደሚያንሰው ስታውቅ ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከማዳበሪያው ጋር ደባልቃ ሰጠች። እህሉን፣ ወተቱንና የሰዉን ደም እየለካች መጠኑን አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ ስታደርግ ኖራለች። እኔን የሚያስቀናኝ ገንዘቧ ሳይሆን ይህ ሳይታክቱ መለካት ነው።

አቅም የለም እንዳይባል፣ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ወጥቶ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ፍሳሽ ላይ እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ተለክተው ጥናት ታትሟል። ሴሊኒየም በጣም በትንሽ መጠን ስለሚገኝ የበለጠ ስሱ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ናሙናውን አዲስ አበባ መላክ ግን የማይቻል አይደለም። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር ለሴሊኒየም 40፣ ለዩራኒየም 30 ማይክሮግራም ነው። የጉድጓዶቻችን ውሃ ከዚህ ጋር ይነጻጸር።

ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለክልሉ ግብርና ቢሮ፣ ለሁለቱ ከተሞች የውሃ አገልግሎትና ለወሎ ዩኒቨርሲቲ አቅርቦ መልሳቸውን እንዲያትምልን እጠይቃለሁ። ልኬቱ ካለ ቁጥሩን፣ ከሌለ ደግሞ መቼና በየትኞቹ ቀበሌዎች እንደሚጀመር ይንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህር፣ ከኮምቦልቻ