በፓስታ ማሽን ያተምነው ወንዝ፦ የስዕል ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የስዕል ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ ለምትሉ፣ በተለይ «አርብ አርብ ቀለም ያባክናሉ» ለምትሉን ባልደረቦች፣ መልሱ መምህራን ማረፊያው በር ላይ ተለጥፏል። ጎራ ብላችሁ እዩት።

መስከረም ላይ 41 ልጆች ተመዘገቡ። እንደተለመደው ከገና በኋላ የቀሩን 17 ብቻ ናቸው። ምርጫው፣ ስብሰባው፣ ቃለ ጉባኤው ሁሉ በሥርዓቱ ተካሂዷል፤ ፋይሉ ቢሮ አለ።

የዓመቱ ሥራ የተነሳው ከአንዲት ፎቶኮፒ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ሜሪዮን በ1850 እ.ኤ.አ. የሠራው «ትንሹ ድልድይ» የተባለ የመዳብ ህትመት። ከታች የፓሪሱ ሴን ወንዝ፣ መሃል ድልድዩና የተደራረቡ አሮጌ ቤቶች፣ ከኋላ የኖትር ዳም ሁለት ማማዎች። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ፎቶኮፒ ቤቱ የባለቀለም ዋጋ አልጠየቀንም።

አሠራሩን ሳስረዳ ክፍሉ ጸጥ አለ። መዳቡ ሰም ይቀባል። ሰሙ በመርፌ እየተጫረ ይሳልበታል። አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ የተጫረውን መስመር ብቻ ይበላዋል። እዚያ ውስጥ ቀለም ይሞላና እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ይጨመቃል። አንዷ «ታዲያ ይሄ ሰምና መዳብ ነዋ!» አለች። የአማርኛ መምህሯ እዚያ ቢኖሩ ደስታቸው ነበር።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለን። ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ጥቅምት ላይ ሣሩን ቡናማ ቀብቶ ሲመጣ ሳቁበት። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ፈገግ ብያለሁ። ከዚያ ጠፋ። ደረጃው ላይ ሳገኘው የሜሪዮንን ነገር አነሳሁበት። ሰውዬው የባህር ኃይል መኮንን ነበር፤ እስከ ኒውዚላንድ ሄዷል። በኋላ ያንን ትቶ ሠዓሊ ልሁን ሲል ዓይኑ ቀለም በደንብ አይለይም። ስለዚህ ጥቁርና ነጩን ያዘ።

«ተሳካለት?» አለኝ ልጁ።

ምን ልበለው? ገንዘብ አላገኘበትም። አእምሮው ታሞ በ1868 እ.ኤ.አ. ሻራንቶን በሚባል ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ዛሬ ግን ህትመቶቹ ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ ናቸው። ሁለቱንም ነገርኩት። የሚቀጥለው አርብ መጣ።

ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀበና ወንዝ ሄድን። በእግር ነው፤ አውቶቡስ አልተፈቀደልንም። ሽታው አይጣል ነው። ሌሎቹ ድልድዩ ላይ ሆነው አፍንጫቸውን እየያዙ ሲስሉ እሱ ታች ወርዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ደብተሩን ሳይ ከድልድዩ ጀርባ ያለው ፎቅ ሰማይ ሊነካ ደርሷል።

«ከዚህ ሲታይ እንዲህ አይረዝምም እኮ» አልኩት።

«ሜሪዮንስ ማማዎቹን አስረዝሟቸው የለ፣ ቲቸር?»

እውነቱን ነው። ከወንዙ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ማማዎቹ እንደዚያ አይገዝፉም። ይህን ጥቅምት ላይ በጨረፍታ ተናግሬው ነበር፤ እሱም ያኔ ከኋላ ተቀምጦ የሚሰማ አይመስልም ነበር።

መዳብ መግዣ የለንም። አሲድም ለልጅ አይሰጥም። ስለዚህ ባዶ የወተት ካርቶን ዘርግተን፣ የሚያብረቀርቀውን የውስጥ ገጽ በኮምፓስ ጫፍ ጫርን። ማተሚያችን ከቤቴ የመጣ የፓስታ ማሽን ነው። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ተቀደዱ፣ ተጨማደዱ። ደህና ሆኖ የወጣው የእሱ ነው። ስሙን ግን ካርቶኑ ላይ በቀጥታ ጽፎ ኖሮ ተገልብጦ ታተመ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በዚህኛው እሱም አብሮ ሳቀ።

የግንቦቱ ኤግዚቢሽን አዳራሹ ለፈተና ስለተያዘ ቀረ። በሩ ላይ የለጠፍነውም ለዚህ ነው። ለእግር ኳስ ቡድኑ ማልያ ሲገዛ እኛም አጨብጭበናል፤ ለእኛ ደግሞ አንዲት ትንሽ የእጅ ማተሚያ ብትገዛ ማንም የሚጎዳ አይመስለኝም። ብረት የሚበይድ ወላጅ ካለም ንድፉን ይዤ እመጣለሁ። የፓስታ ማሽኑን እስከ እንቁጣጣሽ እንድመልስ ባለቤቴ ቀን ቆርጣልኛለች።