«ባለሙያ የለም» ለተባለው ዘገባ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ደሴ የሕክምና መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ኮሪደር ላይ የተደረደሩትን አቧራ የለበሱ ማሽኖች ፎቶም አይቻለሁ። ፎቶው ልክ ነው። ከሥሩ የጻፋችሁት ግን ልክ አይደለም። የሚጠግን ባለሙያ ስለሌለ ሁሉም በአዲስ መተካት አለባቸው ብላችኋል። ባለሙያ አለ። እኔ አለሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼም አሉ። ፎቶው የተነሣበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለው በር የእኛ ወርክሾፕ ነው። ጋዜጠኛችሁ እዚያ ድረስ መጥቶ እንዴት ሳያንኳኳ ይመለሳል?

ከፊት የሚታየው ትልቁ ብረት አውቶክሌቭ ነው። የኦፕራሲዮን ዕቃ በእንፋሎት የሚመክንበት፣ ማለትም ከጀርም የሚጸዳበት ማሽን ነው። «ዕድሜው ያለፈበት» ብላችሁታል። የጎደለው የበሩ ጋስኬት ነው፤ አንድ የጎማ ቀለበት! ጥያቄ አቀረብን። ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ አምጡ ተባለ። ያንን ሞዴል የሚያስመጣው ነጋዴ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይምጣ? ወረቀቱ ከግዥ ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ግዥ ሲመላለስ ማሽኑ ኮሪደር ወጣ። እናንተም መጥታችሁ ፎቶ አነሣችሁት።

ይኸው ማሽን ገና ድሮ «አርጅቷል» የተባለበትን ምክንያትም ልንገራችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ዕቃው እንዲመክን ደግሞ የእንፋሎቱ ሙቀት 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። ማኑዋሉ ላይ ያለው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ለባሕር ዳርቻ ከተማ የሚሆን ቁጥር ነው። ደሴ ላይ የግፊት ጌጁ 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 19 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ያላስተዋለ ሰው የማምከን ፈተናው ሲወድቅበት ማሽኑ ላይ ፈረደ። አዲስ ቢገዛስ? አዲሱም የሚተከለው እዚሁ ደሴ ነው።

ሁሉም ይጠገን እያልኩ አይደለም። የማደንዘዣ ማሽን በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ እያለ ቀጥ ካለ፣ ምክንያቱም ተፈልጎ ካልተገኘ፣ እኔ ራሴ ይወገድ ብዬ እፈርማለሁ። ጨርሶ የሞተ ማሽን ማንንም አይጎዳም፤ የሚነካው የለም። የሚያስፈራው አንዴ እየሠራ አንዴ የሚያቆመው ነው። ፋብሪካው መለዋወጫ ማምረት ካቆመ፣ ወይም የጥገናው ወጪ የአዲሱን ግማሽ ካለፈ፣ መተካቱ ተገቢ ነው። ይህ የሚታወቀው ግን ማሽኑ ተከፍቶ፣ የጥገና መዝገቡ ታይቶ ነው። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ኦክስጅን ከአየር ለይቶ ለበሽተኛ የሚሰጠው ማሽን፣ ሲጮህ አንዳንዴ ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ነው፤ ታጥቦ ወደ ሥራ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ውስጡ ያለው ዚዮላይት፣ ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን የሚያሳልፈው ማዕድን፣ እርጥበት ጠጥቷል፤ ያ ሌላ ወጪ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያው ናቸው። በፎቶ አይለዩም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 የወጣ ጥናት ከ16 አገሮች መረጃ ሰብስቦ ነበር። ከመሣሪያዎቹ 38.3 ከመቶው ከአገልግሎት ውጭ ነበሩ። ምክንያት ተብለው የተጠቀሱት የሥልጠና፣ የአያያዝና የመሠረተ ልማት ችግሮች ናቸው። አዲስ ማሽን መግዛት ብቻውን ከእነዚህ የትኛውን ይፈታል? እኛ ጋ ለ110 ቮልት የተሠራ የእርዳታ ማሽን መጥቶ ያውቃል። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። እኛን የጠየቀ አልነበረም። ማግስቱን 220 ላይ ሰኩት፤ ጨሰ። እሱም ዛሬ ፎቷችሁ ላይ በስተግራ አለ፤ ገና ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠም።

እውነቱን ለመናገር ዘገባው አሞኛል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ የጤና ተቋማት ተዘርፈው ስንመለስ ያገኘነው የተቆረጠ ገመድና ባዶ ክፍል ነበር። ያኔ ከተሰባበሩት ላይ ዕቃ እየነቀልን ከሦስት ማሽን አንድ የሚሠራ አስነሣን። ገበያ ላይ የጠፋውን ዕቃ ኮምቦልቻ ወርደን ቶርኖ ቤት አስቀረጽን፤ ከኪሳችን የከፈልንበት ጊዜም አለ። ከከለላና ከአምባሰል ታሞ የመጣ ሰው «ማሽን ተበላሽቷል፣ አዲስ አበባ ሂድ» ሲባል ፊቱን የምናየው እኛ ነን። ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ነበርን። አሁን የለም ተባልን።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። «ባለሙያ ስለሌለ» ያላችሁት ይታረም፤ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ። ደግሞም ተመልሳችሁ ስትመጡ ኃላፊዎቹን ለማሽን ግዥ ስንት ብር፣ ለመለዋወጫና ለጥገና ስንት ብር እንደተያዘ ጠይቁልን። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ከደሴ